የዓዲላ ድርሻ

ዓዲላ ከሚሴ ውስጥ በሃያ ዓመት ዘጠኝ ቤት ለቃለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በረንዳዬ ከእህል ተራው ፊት ለፊት ስለሆነ ከዘጠኙ አምስቱን ጊዜ ዕቃዋ በጋሪ ተጭኖ ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ አልጋ፣ ሁለት ፍራሽ፣ የእህል ጆንያዎች፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ቁም ሣጥን። አከራዮቿ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። አንዱ "ልጄ ከሳዑዲ ልትገባ ነው" ይላል፤ ሌላው "ልጄን ልድር ነው" ይላል፤ ሦስተኛው ሰበብ መፈለግ ስለሚሰለቸው ኪራዩን እጥፍ ያደርገውና ዝም ይላል። ዓዲላ አትጨቃጨቅም። ጋሪ ትጠራለች።

የምትተዳደረው በእህል ነው። በገበያው ቀን ጨፋ ሮቢት ሄዳ ከገበሬው ማሽላና ጤፍ ትገዛለች፤ ከሚሴ አምጥታ በጣሳ ትቸረችራለች። አንዲት የማሽላ ፍሬ በጥርሷ ሰብራ እርጥብ ይሁን ደረቅ ትነግርሃለች፤ ተሳስታ አላውቅም። ባሏ የፈታት ልጃቸው ኢማን ሦስት ዓመቷ ሳለ ነው። አሁን ኢማን አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። ዓዲላ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው። ደጋግማ ስለምትለው የእህል ተራ ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞታል፦ "ኢማንን ከማልባረርበት ቤት ልድራት።"

ስድስት ዓመት ይሆናል፤ አንድ ቀን የኢማንን ዩኒፎርም ልታስጠብብ መጣችና ከማሽኔ አጠገብ ተቀመጠች።

"ጋሽ ይግዛው፣ አንቱስ ቤት የለዎትም አይደል?" አለችኝ።

"ቤት ቢኖረኝ የሰው በረንዳ ላይ እሰፋ ነበር?" አልኳት።

"እንግዲያው ስምዎን ይጻፉልኝ። ሁለተኛው አንቱ ነዎት።"

"አንደኛዋ ማናት?"

"እኔ።"

ማኅበራችን የተጀመረው እንዲህ ነው። ቤት የሌላቸው ሰዎች ተደራጅተው ከቆጠቡ ማዘጋጃ ቤቱ ቦታ እንደሚሰጣቸው ሰምታ ነበር። አሥራ አራት ሰው ያስፈልግ ነበርና አሥራ አራታችንንም እንደ እህሏ አንድ በአንድ ለቅማ አወጣችን። ባጃጅ ነጂው ከማል ገባ። አንዲት የጤና ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ፣ ወተት የሚሸጡ ሁለት እህትማማቾች፣ አንድ የመጋዘን ዘበኛ ገቡ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ ገንዘቡ ወለድ በማይታሰብበት ሂሳብ እንዲቀመጥ ተወሰነ። እኔ ክርስቲያኑ ወለዱ ቢቀርብኝ አልከፋኝም፤ ለወለድ የሚበቃ ነገር መቼ ኖሮኝ ያውቅና።

ችግሩ መቆጠቡ ላይ ነበር። ድሃን ቆጥብ ቢሉት የሚሾፉበት ይመስለዋል። ዓዲላ ግን ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ለየቤቱ አንድ አንድ ባዶ ጆንያ ሰጠች። "ለምግብ የሚሆን እህል ስትሰፍሩ አንድ እፍኝ መልሳችሁ እዚህ ጣሉ፤ አንድ እፍኝ ከድስት ቢጎድል የሚያውቅ የለም" አለች። በወር በወሩ ጆንያዎቹን እየዞረች ትሰበስባለች፤ በገበያው ዋጋ ትገዛቸዋለች፤ ዋጋውንም በየስማችን ታስገባለች። ከማል "የባጃጅ ሰው እህል ከየት ያመጣል?" ብሎ ሲያላግጥ፣ "አንተ ከጫትህ ላይ አንዲት ዝንጣፊ ቀንስ" አለችው። ከዚያ ወዲህ አላላገጠም። ጫቱንም ቀንሷል ይላሉ፤ እኔ ግን አላየሁም።

ሌላው አመሏ ወረቀት ነው። ራሷ ትምህርት ያቆመችው ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ያልተጻፈ ነገር ግን አታምንም። አንዲት ሴት ባሏ ቦታ ሊገዛ መሆኑን ደስ ብሏት ስትነግራት፣ እንኳን ደስ ያለሽ ከማለቷ በፊት "ስምሽ አለበት?" ትላታለች። "እሱ አይክደኝም" ካለቻት ትቆጣለች። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል!" ትላለች፣ ጣሳውን ጆንያው ላይ እያጋጨች። በዚህ የተነሳ "ቃዲ ዓዲላ" የሚል ስም አወጣሁላት፤ ስጠራት ደስ እያላት ትሰድበኛለች። ከእሷ ንዝነዛ ለመገላገል ብለው ስማቸውን ከባሎቻቸው ጎን ያስጻፉ ቢያንስ ሦስት ሴቶች አውቃለሁ። ዛሬ ከሦስቱ አንዷ ተፋትታለች፤ ቤቷ ውስጥ ግን አለች።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ቁጠባችን ሞላ። ፋይላችን ማዘጋጃ ቤት ገባ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ብፅዓት የምትባል የመሬት ባለሙያ አስጠራችን። ብፅዓት ወጣት ናት፣ ጨዋ ናት፤ የማያስደስት ነገር ልትናገር ስትል ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ዓዲላ በሊቀመንበርነቷ፣ እኔ በጸሐፊነቴ ሄድን።

"ወይዘሮ ዓዲላ፣ በስምዎ የተመዘገበ ድርሻ አለ" አለች ብፅዓት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"የምን ድርሻ?"

"የአባትዎ ቤት። ሁለት ወራሾች እንዳሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ከቤቱ ፋይል ጋር ተያይዟል። ከሦስት እጅ ሁለቱ የወንድምዎ፣ አንዱ የእርስዎ ነው። ድርሻ ያለው ሰው ደግሞ ቤት እንዳለው ይቆጠራል።"

ዓዲላ ሳቀች። "እሱማ የወንድሜ ነው። ትቼለታለሁ።"

"የተዉበት ወረቀት አለ?"

ዓዲላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

የምዞርበት ምክንያት ነበረኝ። የአባልነት ቅጿን የሞላሁት እኔ ነኝ። "በውርስ ያገኙት ቤት ወይም ቦታ" የሚል ጥያቄ ነበረበት፤ ጠይቄያታለሁ። "የአባቴ ቤት የወንድሜ ነው" አለችኝ፤ እኔም ሳልጨቀጭቅ "የለም" ብዬ ጻፍኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልለካ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም። ያንን ቅጽ ግን ሳልለካ ቆረጥኩት።

የአገሩን ነገር ለማያውቅ ልናገር። እዚህ እህት የአባቷን ድርሻ ከወንድሟ አትጠይቅም። መብት አላት፤ ሃይማኖቱም ሕጉም ሰጥቷታል፤ ሼሁም መስጊድ ውስጥ ይናገሩታል። አትጠይቅም እንጂ። የጠየቀች እንደሆነ "ወንድሟን በግድግዳ ለወጠችው" ተብላ ትታማለች። ዝም ካለች ደግሞ የወንድሟ ደጅ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ባል ቢመታት፣ ቢፈታት፣ ጨርቋን ሸክፋ የምትገባበት ቤት እሱ ነው። ዓዲላም ስትፈታ ኢማንን አዝላ የሄደችው ወንድሟ ሙሀመድአሚን ቤት ነበር። ሦስት ወር አስቀመጣት፤ ፊቱን አላጠቆረባትም። በየአረፋው ሥጋና ቀሚስ ይልክላታል። አባታቸው የሞቱ ጊዜ ለቀስተኛው በተሰበሰበበት "ለወንድሜ ትቼዋለሁ" አለች። ሰዉ መረቃት። በቃ፣ አለቀ።

እንግዲህ ሌላዋን ሁሉ "ስምሽ አለበት?" እያለች የምታፋጥጥ ሴት፣ የራሷን በቃል ትታው ነበር። ፈርጄባት እንዳይመስላችሁ። እኔም የአባታችንን ከብቶች ብቻዬን ሸጬ የስፌት ማሽን ስገዛ እህቴ ዝም ብላለች፤ ዝምታዋን ምርቃት ነው ብዬ ሰላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

"አሁን ለወንድሜ ብጽፍለትስ?" ብላ ጠየቀች ዓዲላ።

ብፅዓት ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። "በስጦታ ያስተላለፈ ሰው እንደሸጠ ነው የሚቆጠረው፤ አባል መሆን አይችልም። በአሥር ቀን ውስጥ ሌላ ሰው በእርስዎ ቦታ ከተተካ ጉዳዩ ይቀጥላል። ካልሆነ ግን የአሥራ አራታችሁም ፋይል ይመለሳል።"

መንገድ ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ የማወራው። አቤቱታ እንጻፍ፣ የሚያውቀን ሰው እንፈልግ፣ ከማል ሰው አያጣም፤ ያልቀባጠርኩት የለም። እህል ተራው ጋ ስንደርስ ቆመች።

"ጋሽ ይግዛው፣ በእኔ ምክንያት አሥራ ሦስት ቤት ይቅር? አስተግፊሩላህ። መልቀቂያዬን ይጻፉልኝ።"

"ስድስት ዓመት እኮ ነው፣ ዓዲላ።"

"ስድስት ዓመት መሆኑን እኔ አጣሁት?" አለች። "ይጻፉ።"

ጻፍኩ። እሷ ፈረመች፤ ከዚያም ወደ ጆንያዎቿ ተመልሳ ለአንዲት ደንበኛ ሁለት ጣሳ ጤፍ ሰፈረችላት። እኔ ግን የዚያን ቀን አንድ ቁልፍ እንኳ መትከል አልቻልኩም።

በምትኳ ማንአልሞሽን አመጣችልን። ማንአልሞሽ ልብስ አጣቢ ናት፤ አራት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። ማኅበሩ ሞልቷል ተብላ ከውጭ ብትቀርም፣ "ምናልባት" ብላ እፍኟን ስትጥል የኖረች ሴት ናት። የጎደላትን እኛው አዋጥተን ሞላንላት። የዓዲላ ቁጠባ ተቆጥሮ ተመለሰላት፤ መሐረብ ውስጥ ቋጥራ ሄደች።

ጥር ላይ የቦታ ዕጣ ወጣ። ከከተማው ዳር፣ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚያዘቀዝቀው ሜዳ ላይ ችካሎች ተተክለዋል፤ እያንዳንዳችን ቁጥር አንስተን ችካላችንን ፍለጋ ተበተንን። ዓዲላ ሳትጠራ መጣች። ቁጥር ማንበብ የማይችሉትን እየመራች ችካላቸው ላይ አቆመቻቸው። ማንአልሞሽ ችካሏን እንደ ሕፃን አቅፋ ስታለቅስ ዓዲላ አብራት አለቀሰች፤ ለማን እንዳለቀሰች አልጠየቅኳትም። እኔ የማዕዘን ቦታ ደረሰኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ በደስታዬም እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት የዓዲላ አከራይ "ልጄ ጠቅልሎ ሊገባ ነው" አላት። አሥረኛው ቤት መሆኑ ነው። ጋሪ ትጠራለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከቀትር በኋላ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ በረንዳዬ ላይ ቆመች።

"አያ ሙሔ ጋ ልሄድ ነው። ይከተሉኝ" አለች።

ገባኝ፤ አያ ሙሔ የምትለው ወንድሟን ሙሀመድአሚንን ነው። "እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው የሚሆን" አልኳት። "ሁለት ሦስት ሰው እንላክ።"

"በአፌ የተውኩትን በአፌ ነው የምጠይቅ። አንቱ ምንም አይናገሩ። ብቻ ይቀመጡልኝ፤ ብቻዬን ከሆንኩ ከበሩ እመለሳለሁ።"

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ ተከተልኳት።

ሙሀመድአሚን ሰንበቴ ገበያ ከብት የሚነግድ፣ ጺሙን ሂና የሚቀባ፣ ስድሳ ያለፈው ሰው ነው። የዓሱርን ሶላት ሰግዶ መግባቱ ነበር። እህቱን ሲያይ ፊቱ በራ። "ኮቱ፣ ኮቱ! ታኢ!" አለ በኦሮምኛ፣ ነይ ተቀመጪ ማለቱ ነው፣ ለሁለታችንም መቀመጫ እያቀረበ። ሚስቱ ፋይዛ ፓፓያ ቆርጣ በሳህን አመጣች። ሰላምታው ረዘመ። የኢማን ትምህርት ተጠየቀ፣ ዝናቡ ተነሳ፣ የከብት ዋጋ ተነሳ፣ የአፋር ነጋዴዎች ዘንድሮ መቅረታቸው ተነሳ። ዓዲላ ፓፓያውን አልነካችም። ሦስት ጊዜ አፏን ስትከፍት አየኋት፤ ሦስት ጊዜ "አልሐምዱሊላህ" ብላ ዘጋችው። ሊቀር ነው አልኩ በልቤ።

"አያ ሙሔ" አለች በመጨረሻ፣ "አባባ የተወልኝን ድርሻ ፈልጌ ነው የመጣሁ።"

መጀመሪያ የተናገረችው ፋይዛ ናት። "ሱብሃነላህ! ስትፈቺ የማንን በር ነው ያንኳኳሽ? በየአረፋው የሚያስታውስሽ ማን ነው? መልሱ ይህ ነው?"

"እውነትሽን ነው፣ ፋይዛ" አለች ዓዲላ። "ያን ሁሉ አልረሳም። ግን ሥጋው ያልቃል፤ ቀሚሱም ያልቃል። ዘጠኝ ቤት ለቅቄ አሥረኛውን ልለቅ ነው። ልጄን የምድርበት ደጅ የለኝም።"

ሙሀመድአሚን የሙስበሃውን ዶቃ በጣቱ እየቆጠረ መሬት መሬት ያይ ነበር። አሁን ይጮሃል ብዬ ለመነሳት ጉልበቴን ያዝኩ።

"ማል ጄቴ?" አለ ቀስ ብሎ፤ ምን አልሽ ማለቱ ነው። የሰማውን ዳግመኛ ለመስማት የፈለገ ይመስል ነበር።

"ድርሻዬን" አለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለላት።

"ሃያ ሦስት ዓመት" አለ ሙሀመድአሚን። "ይህችን ቃል ሃያ ሦስት ዓመት ስፈራት ኖርኩ። ሼሁ ስለ ውርስ በተናገሩ ቁጥር ከመስጊድ አንገቴን ደፍቼ ነው የምወጣ። ሐጅ ልሄድ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሦስት ጊዜ ቀረሁ። ለፋይዛ እግሬን አመመኝ እላት ነበር። እግሬ አልነበረም። የእህቴን ሐቅ በአንገቴ ይዤ በየት በኩል ነው የምሄድ?"

ፋይዛ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ይህን ከባሏ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

"ትቼልሃለሁ አላልኩህም?" አለች ዓዲላ።

"ብለሻል። አፍረሽ መሆኑን ግን አውቅ ነበር።"

"ካወቅህ ለምን አልሰጠኸኝም?"

"እስክትጠይቂኝ ነበር የምጠብቅ።"

"እኔ ደግሞ እስክትሰጠኝ" አለች፤ ፊቷንም በሻሿ ሸፈነች።

ሁለት ደግ ሰዎች ሲተፋፈሩ አንዷ ዘጠኝ ቤት ለቀቀች፤ ሌላው ከሐጅ ቀረ። በዚያች ሰዓት ሁለቱንም በጥፊ ማጮል አማረኝ። ማቀፍም አማረኝ። አትናገር ስለተባልኩ አፍንጫዬን ብቻ ተናፈጥኩ።

ሙሀመድአሚን ሙስበሃውን ኪሱ ከትቶ ተነሳ። ግቢው ውስጥ ዋናው ቤት አለ፤ በመንገዱ በኩል ደግሞ ለአንድ ነጋዴ የተከራዩ ሁለት ክፍሎች አሉ። "እነዚያ ሁለቱ ከነጓሯቸው ሲሶ የሚሞሉ ይመስለኛል። የጎደለውን ከግቢው እንጨምራለን" አለ። "ነጋዴው ወሩ ሲሞላ ይወጣል። ይለካ። ደግሞ ዛሬውኑ ይለካ፤ ነገ ልቤ ይመለስ ይሆናል፣ አላምነውም።"

መለኪያ ተፈለገ። በቤቱ ያለው ገመድ ሁሉ ከብት የታሰረበት ነበር። እኔ ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ። የሰው ወገብ የምለካበትን አንድ ሜትር ከግማሽ ይዘን ግቢ ስንለካ የመንገድ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ እያዩ ይስቁ ነበር። ሙሀመድአሚን አንዱን ጫፍ ይዞ ተንበረከከ፤ እኔ ሌላውን ይዤ ተንበረከክሁ። ሁለት ጊዜ ቁጥር ጠፋብን። ሁለቱንም ጊዜ "ሐቅ ነው፣ ከመጀመሪያው" እያለ መለሰኝ። ጉልበቴ አለቀ። ልንጨርስ ስንል ፋይዛ ከደጃፉ ላይ ሆና ተጣራች።

"ያን ጥግ ዘለላችሁት እኮ! እሱም የእሷ ነው።"

ቁጣዋ ከፊቷ አልወረደም ነበር። ጥጉ ግን እውነትም ተዘሎ ነበር፤ ተመልሰን ለካነው።

ወረቀቱን እዚያው በጉልበቴ ላይ ጻፍኩ። የመንገዱ በኩል ሁለት ክፍሎች፣ ጓሯቸው፣ እስከ ጥጉ ድረስ፤ የሰጪ ስም፣ የተቀባይ ስም፣ ቀኑ። ሙሀመድአሚን ፈረመ። ዓዲላ ከመፈረሟ በፊት ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ሰኞ ሁለቱም ይዘውት ፍርድ ቤት ሊሄዱ፣ ከዚያም ለብፅዓት ፋይል ሊያስገቡ ተስማሙ። ያ የቋጠረችው ቁጠባ ለጣሪያው ቆርቆሮ እንደሚበቃ ከሙሀመድአሚን ጋር ሲማከሩ ሰማሁ።

ልኩ ያበቃበት ቦታ ላይ ሙሀመድአሚን ትልቅ ድንጋይ አንከባሎ አቆመ። ዓዲላ ድንጋዩን ተሻግራ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች፤ እግሯን ዘረጋች።

"ተነሺ እንጂ" አለቻት ፋይዛ። "ንጹሕ ቀሚስሽ አፈር ሆነ።"

"ይሁን" አለች ዓዲላ። "አፈሩ የራሴ ነው።"